ሁለቱ ወረቀቶች ገጠሙ

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀይ ቁጥር ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ሁለት ሰከንድ እንደቀረው ያሳያል፤ ውጤቱ ስድሳ ስምንት ለስድሳ ስምንት። ከሁለቱ ዳኞች አንዱ፣ ሾፌሩ፣ ጎን መስመሩ ላይ ኳሷን ይዞ ቆሟል። ለተጫዋቹ ከማቀበሉ በፊት አንገቱን ቀና አድርጎ ከቅርጫቱ ሥር የቆመችውን ባልደረባውን፣ ፋርማሲስቷን፣ በዓይኑ ፈለገ። አገኛት። እሷም አየችው።

ይህ መተያየት የሥራው ደንብ ነው። ኳስ ወደ ጨዋታ ከመመለሷ በፊት ሁለቱ ዳኞች ዓይን ለዓይን መገናኘት አለባቸው። «ዝግጁ ነሽ?» «ዝግጁ ነኝ» እንደማለት ነው። ቃል የለውም፣ ፈገግታ አይፈቀድበትም፣ ከአንድ ትንፋሽ አይረዝምም። ኳሷ ከእጅ እንደወጣች እያንዳንዱ ዓይኑን ወደ ራሱ ድርሻ ይመልሳል።

ያን ዕለት ፋርማሲስቷ ዓይኗን ሳትመልስ ቀረች።

* * *

ከሾፌሩ ጋር መጀመሪያ የተመደበችው ከአምስት ዓመት በፊት፣ ፊሽካ ከመንፋቷ በፊት ጉንጯ የሚቀላ አዲስ ዳኛ ሳለች ነው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የቅርጫት ኳስ ይዳኛል። ተመልካቹ ሥራውን ስለሚያውቅ ውሳኔው ባልጣመው ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ወራጅ አለ!» እያለ ይጮህበታል። እሱ አይቆጣም። አንድ ጊዜ እንዲያውም በጣም ወደሚጮኸው ጎረምሳ ዞር ብሎ «ቁጭ በል፤ ፌርማታው ገና ነው» ቢለው ሁለቱም ቡድኖች ጨዋታውን ትተው ሳቁ።

ያን የመጀመሪያ ቀን እሷ ሜዳውን ሙሉ ኳሷን ስታሳድድ ዋለች። ኳሷ ግራ ስትሄድ ግራ፣ ቀኝ ስትሄድ ቀኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ሾፌሩ ምንም ሳይናገራት ወደ ውጭ ይዟት ወጣና በር ላይ ካቆመው ባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ በሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«በግራ መስታወት ምን ይታይሻል?»

«ግድግዳው፣ ሴትዮዋ፣ ብስክሌቱ።»

«በቀኙስ?»

«የእግረኛ መንገዱ።»

«ግራው ቀኙን ላሳይ ቢል ምን ይመጣል?»

«አይችልማ!»

«ይችል ቢሆን ኖሮ ሰው እገጭ ነበር» አላት። «ሜዳውም እንደዚሁ ነው። አንዳችን ከኳሷ ቀድመን ሮጠን ከቅርጫቱ ሥር እንቆማለን፤ መሪ ማለት እሱ ነው። አንዳችን ከኋላ እንከተላለን፤ ተከታይ እንለዋለን። ኳሷ በእኔ ድርሻ ስትሆን አንቺ ኳስ ያልያዙትን ታያለሽ። ኳሷን ሕዝቡ ያያታል፤ አንቺ ሰው እዪ።»

«አንተ ብትስትስ?»

«ስስት እስታለኋ! አንቺ የእኔን ስህተት ልታዪ ስትመጪ ግን የአንቺ ቦታ ባዶውን ይቀራል። እዚያ ሰው ቢሞት የሚያይ የለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ትቶ «ቀኝ መስታወቴ» ይላት ጀመር። እሷም ሌላ ሰው ሲሰማ «ሾፌር»፣ ሰው ሳይሰማ ደግሞ ምንም ሳትለው መጥራት ለመደች፤ እንዲሁ አየት ስታደርገው ይመጣል።

ደብዳቤ የሚጻጻፉት በምደባ ወረቀት ጀርባ ነው። ከየጨዋታው በኋላ ሾፌሩ ወረቀቱን አራት አጥፎ ፊሽካዋን ከምታስቀምጥበት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል። የመጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ «ከመስመሩ ግማሽ ሜትር ራቂ፤ ቀርበሽ ከቆምሽ የሚታይሽ ጀርባ ብቻ ነው። ፀጉርሽን ያሰርሽበት ሰማያዊ ነገር ያምራል።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት እሷ ናት የምታውቀው። ወረቀቶቹን ሁሉ በባዶ የሳል መድኃኒት ካርቶን ውስጥ፣ መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ማንም በማይደርስበት ረድፍ አስቀመጠቻቸው።

አንድ ቀን በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደተያዩ ቆጠረች። መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ።

«የትኛው ባልና ሚስት ነው በቀን መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ የሚተያየው?» አለችው እየሳቀች።

«ለዚህ እኮ ነው ባልና ሚስት አብረው አይመደቡም የሚባለው» አላት።

ሳቋ ቆመ። እውነት ነበር። ዘመዳሞችና ባለትዳሮች አንድ ጨዋታ እንዳይዳኙ ደንቡ ይከለክላል። ፍቅራቸውን ለሰው ከተናገሩ ፍቅራቸው የተወለደበትን ሜዳ ያጣሉ።

ይህም ባይሆን እናቷ አሉ። የታወቀ የልብ ሐኪም ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ከሞተ በኋላም የእሱን ስም ከነማዕረጉ ሳይጠሩ የማይውሉ ሴት ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ የሟቹ ዲፕሎማ በመስታወት ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ ከዲፕሎማው ፊት ለፊት ነው የሚያስቀምጡት።

«እማዬ፣ ምኑን ነው የጠላሽው? አላየሽውም እኮ!»

«ሚጣዬ፣ መቼ ጠላሁት? መጥፎ ሰው ነው አልኩ? ሾፌር ነው አልኩ እንጂ።»

«ሾፌር መሆን ምን አለው?»

«ምንም የለውም። አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ሰላም እለዋለሁ።»

በዚህ ሁኔታ እያሉ ነው ሾፌሩ አንድ ሐሙስ መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ ተራው ሲደርስ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «እሑድ መጥቼ እናትሽን ላነጋግር?» ያላት።

«አብሮ መዳኘቱ ይቀራል» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይቅር። መቶ ሠላሳ አንዱን እቤታችን እንጨርሰዋለን።»

ከኋላው የተሰለፉት አሮጊት «ልጄ፣ ለጉልበት የሚሆን ካላት ለእኔም ጠይቅልኝ» አሉት።

ፋርማሲስቷ እሺም እምቢም አላለችም። ቅዳሜ የፍጻሜ ጨዋታ አላቸው። የዳኞች ኃላፊው ከሁለቱ አንዱን ለከፍተኛው ደረጃ ሊያጩ በዚያ ጨዋታ ላይ ይገመግሟቸዋል። «እማዬን ቅዳሜ አመጣታለሁ» አለችው። «ሥራ ላይ ትይህ። መልሴን ከጨዋታው በኋላ እነግርሃለሁ።» የሄደበትን በር እያየች ለሚቀጥለው ሰው መድኃኒት ሳትሰጥ ብዙ ቆየች፤ ደስታው ከፍርሃቱ ጋር ተጋጭቶ ደረቷ ውስጥ ቦታ አጥቶባት ነበር።

* * *

እናቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ከጨዋታው በፊት ኮሪደሩ ላይ ከሾፌሩ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተው ነበር።

«አንተ ነህ እሱ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄን እነዚህ ቁመተ ሎጋዎች እንዳይጥሉብኝ።»

«እኔ እያለሁ?»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አሉት። ቢሆንም የአፋቸው ጥግ ትንሽ ፈገግ ሲል ልጃቸው አይታለች። ያቺን ፈገግታ ይዛ ነው ሜዳ የገባችው። አርባውን ደቂቃ ልትጨርስ ጥቂት እስኪቀራት ድረስም እንደዚያን ቀን አሳምራ ዳኝታ አታውቅም።

ከዚያ ሃያ ሁለቱ ሰከንድ መጣ።

ኳሷ ከሾፌሩ እጅ ወጥታ በሁለት ቅብብል ግራው ጥግ ላይ ወዳለው ተጫዋች ደረሰች። ጥጉ የተከታዩ ድርሻ ነው፣ የሾፌሩ። የእሷ ድርሻ ከቅርጫቱ ሥር የሚገፋፉት ሁለት ረጃጅሞች ናቸው። ግን አላየቻቸውም። እሱን ነበር የምታየው። ሾፌሩ ሦስት እርምጃ ወደ ጥጉ ወረደ፤ አንድ ጀርባ ሲጋርደው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ወጣ፤ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ በሁለቱ ተጫዋቾች መሐል ባለው ክፍተት አየ። ቦታው ላይ ነበር። ከዚያ የተሻለ ቦታ ሜዳው ላይ አልነበረም። «ይሄ ሰው ነገ እቤታችን ይመጣል» አለች በልቧ፤ «እሺ እለዋለሁ።»

ያኔ እግሯ ሥር የሆነ ነገር ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ቋ! አለ።

ዝቅ ብላ ስታይ ረጅሙ ተከላካይ አገጩን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ነው። ማን መታው? በክርን ነው? በትከሻ? አታውቅም። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆማም አላወቀችም። በዚያው ቅጽበት ጥጉ ላይ ያለው ተጫዋች ኳሷ ተመትታበት ወደቀ፤ አዳራሹ በሙሉ «ፋውል!» ብሎ ጮኸ። ፊሽካዋ አፏ ውስጥ ነበር። ነፋችው። ከነፉ በኋላ ደግሞ አንድ ቦታ መጠቆም ግድ ነው፤ እጇ ዓይኗ ወደነበረበት ሄደ። ወደ ሾፌሩ ጥግ።

ሾፌሩ እየሮጠ መጣ። የተመታችው ኳሷ ብቻ መሆኗን፣ ተጫዋቹ አለመነካቱን ከሁለት ሜትር አይቷል።

«ምን አየሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«እግሩን… እግሩን አስገባበት።»

«ከዚህ ሆነሽ?»

«አዎ።»

አያት። አንድ ዳኛ የሌላውን ፊሽካ መሻር አይችልም፤ ባልደረባዋ ራሷ ካልመለሰችው በቀር። መልሺው የሚል ዓይን ነበር፤ ጠበቃት። እሷ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን የያዙትን እናቷን፣ ከእሳቸው ኋላ የሚጽፉትን ኃላፊ አየችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«እሺ» አለ ሾፌሩ ከኋላዋ።

ሁለቱም የቅጣት ውርወራዎች ገቡ፤ ጨዋታው በእነሱ አለቀ። የተሸናፊዎቹ አሠልጣኝ አገጩ የተሰበረውን ተጫዋቹን ደግፎ እየወጣ «እዚህ ጋ ማን ነበር? እዚህ ጋ የሚያይ ሰው አልነበረም?» ይላል። እሷ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች።

* * *

አሠልጣኙ ክስ አቀረበ። ክስ ሲኖር ዳኞች ሳይነጋገሩ፣ በየክፍላቸው ሆነው ሪፖርት ይጽፋሉ፤ ፖስታው ይታሸጋል። ሾፌሩን ኳስ ወደሚቀመጥበት መጋዘን ወሰዱት። እሷ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ቀረች። የዳኞቹ ኃላፊ በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ። ከእጃቸው የማይለይ ጥቁር ማስታወሻ ስላላቸው ከኋላቸው «ጋሼ ደብተር» ይባላሉ።

«ካሜራው ምንም አልያዘም» አሉ እየተቀመጡ። «እንደ ሕዝቡ ኳስ ሲከተል ነው የዋለው። የእናንተ ቃል ብቻ ነው ያለው። አንዳችሁ ድርሻውን ጥሏል።»

ፎጣዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ልጄ፣ ተረጋጊ። አባትሽ ይህን ደረት ከፍቶ የጠገነ ሰው ነው። የእሱን ልጅ በአንድ ፊሽካ አላበላሽም። እስቲ ንገሪኝ፤ አንቺ ከቅርጫቱ ሥር ሆነሽ እዚያ ጥግ ድረስ የነፋሽው እሱ ቦታው ላይ ስላልደረሰ ነው፣ አይደል?»

ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ከእሷ የሚፈለገው ራሷን በአዎንታ መነቅነቅ ብቻ ነበር።

ነቀነቀች።

«እንግዲያው እሱኑ ጻፊው» ብለው ወጡ።

ሰባት መስመር ጻፈች። በመድኃኒት ዕቃ ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ» እያለች የምትጽፍበት ያው ንጹሕ ጽሑፏ ነበር። ፖስታውን ስታሽግ ከግድግዳው ባሻገር፣ ከመጋዘኑ፣ አንድ ኳስ ከመደርደሪያ ወድቃ ስትነጥር ሰማች። ነጠረች፣ ነጠረች፣ ቆመች። ሾፌሩም እየጻፈ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ በታክሲው መስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

«ስለ ኳስ ጨዋታ ምንም አላውቅም» አሉ። «ስለዚህ እሱን ሳይ ዋልኩ። ኳሷ የትም ብትሄድ እሱ ቀድሞ እዚያ አለ። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ከቦታው ዝንፍ አላለም። ሰው ሥራውን እንዲህ ካከበረ…» አቋረጡና ቦርሳቸውን አስተካከሉ። «እሺ። እሑድ ይምጣ።»

ልጃቸው ማልቀስ ጀመረች። የደስታ መሰላቸው፤ እጇን ያዙላት።

* * *

እሑድ ሾፌሩ አልመጣም። ጉዳዩ እስኪታይ ዳኞቹ እንዳይገናኙ ደንቡ ያዛል። እናቷ ወንበሮቹን ከዲፕሎማው ፊት ለፊት አንስተው መስኮቱ ጋ አድርገዋቸው ነበር፤ ማታ መልሰው ወደ ቦታቸው አደረጓቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ጋሼ ደብተር ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ሁለት ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ ሸሚዙን ተኩሷል። ከመቀመጡ በፊት አየት አደረጋት፤ ያው የድሮው አስተያየት ነበር። ዝግጁ ነሽ?

ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ፖስታ ቀደዱ። የሾፌሩ ነበር።

«‹ተከታይ ዳኛው እኔ ነበርኩ› ይላል። ‹ወደ ጥጉ ለመድረስ ዘግይቻለሁ። ባልደረባዬ የተከፈተውን ቦታ ለመሸፈን ዓይኗን ከራሷ ድርሻ ለማንሳት ተገዳለች። ተጫዋቹ ሲጎዳ ያልታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ነው።›»

ዋሽቶላታል! ስሟን ለማዳን ስሙን ሰጥቷል። ዞር ብላ ልታየው ቃጣት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁለተኛው ፖስታ ታያት።

«ጋሼ» አለች ብድግ ብላ፤ «እሱ ካመነ የእኔ መነበብ የለበትም። በቃ፤ አልቋል እኮ።»

«ደንብ ነው ልጄ። ቁጭ በይ።»

«እባክዎ፣ ጋሼ!»

«ምን ሆነሻል?»

ሾፌሩ ፈገግ ብሎ ነበር። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ከዓይኗ አትጠፋም። እውነቱን የጻፈች መስሎት ነው። እሷ ራሷን ጥፋተኛ አድርጋ፣ እሱ ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ፣ ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በእርስ ሊጣሉ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ፈገግታ ነበር።

ፖስታው ተቀደደ።

«‹ተከታይ ዳኛው በጊዜ አልደረሰም። ጥጉ ያለ ዳኛ በመቅረቱ ዓይኔን ከድርሻዬ አንስቼ የእሱን ቦታ ለመሸፈን ተገድጃለሁ።›» ኃላፊው ቀሪውን በልባቸው አንብበው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡና በእርካታ መነጽራቸውን አወለቁ። «ገጠሙ። ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ስንት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጉዳይ ገጥሞኝ አያውቅም።»

እሷ አሁን ዞራ አየችው። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾፌሩ መልሶ አላያትም። ወረቀቶቹን ነበር የሚያየው። ጠበቀችው። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ቢል ሁሉንም ትናገር ነበር፤ ለራሷ የነገረችው ይህንን ነው። ቀና አላለም። እሷም አልተናገረችም። ኃላፊው ሾፌሩን ለዘለቄታው ከዳኝነት አሰናበቱት።

* * *

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱን ጠብቃ ተሳፈረች። ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀመጠች። በውስጠኛው መስታወት አያትና መንዳቱን ቀጠለ። ተሳፋሪው እየወረደ፣ እየወረደ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሞተሩን አጠፋ።

«ነገ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ» አለች።

«አትናገሪም።»

«እናገራለሁ!»

«አንቺ ከተናገርሽ የእኔም ውሸት ይወጣል። ሁለታችንም ዋሽተናል። ልዩነቱ እኔ ለማን እንደዋሸሁ ማወቄ ነው።»

«ፈርቼ ነው። እማዬ እዚያ ተቀምጣለች፤ ጋሼ መጥተው…»

«እኔም ፈርቼ ነው የጻፍኩት። ለአንቺ ፈርቼ።» መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው፤ አልዞረም። «እኔ እኮ ልሰጥሽ በእጄ ዘርግቼው ነበር። አንቺ ግን ኪሴ ገብተሽ ወሰድሽው።»

«እንደምትሰጠኝ በምን ልወቅ? እንዳንነጋገር ከልክለውን!»

«በምን ልወቅ?» አለና አሁን ዞረ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አምስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ያየሁሽ ታዲያ ለምን ነበር? ካልተማመኑ ለምን ይተያያሉ?»

ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኳሷን ሳቀብል ዓይንሽን እንዳልመለስሽ አይቻለሁ። ሥራዬን እየሠራሁም ታውቆኛል፤ ዓይንሽ እኔ ላይ ነበር። መልስሽ መስሎኝ… ደስ አለኝ። ሰው አገጩ ተሰብሮ ወድቆ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ነው የጻፍኩት። እኔን ስታይ ነው ያጠፋችው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።»

«መልሴ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ እንባ ውስጥ ጠፋ። «እሺ ልልህ ነበር። እማዬም እሑድ ይምጣ ብላለች። ከቦታህ ዝንፍ እንዳላልክ አይታለች። እወድሃለሁ!»

ሾፌሩ ዓይኑን ጨፈነ። የመጨረሻዎቹ ቃላት ከማክሰኞው በፊት ቢመጡ ኖሮ አውቶቡሱን እዚያው ጥሎ ይዘል ነበር።

«አውቃለሁ እንደምትወጂኝ» አለ ቆይቶ። «እሱን አይደለም ያጣሁት። ኋላዬን የሚያይልኝ ነው ያጣሁት።»

ሞተሩን አስነሳ። በመልሱ መንገድ ተሳፋሪ እየገባ አውቶቡሱ ሞላ። ሁለቱም በመስታወቱ ላለመተያየት ተጠነቀቁ። መድኃኒት ቤቱ ሲደርስ ተነሳች። አንድ ቃል ልትጨምር ፈለገች፤ ይቅር በለኝ ልትል። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወራጅ አለ» አለች።

የኋላው በር ተከፈተ። ያን ቃል ስንት ሺህ ሰው ብሎት ያውቃል፤ በዚያ ቀን ብቻ ነው ሾፌሩ መሪው ላይ ግንባሩን የደፋው፤ እሷም ወርዳ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መንገዱን ሳትሻገር ቆመች።

* * *

ሾፌሩ ከከተማው መስመር ወጥቶ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ተዛወረ። አራት ደብዳቤ ጻፈችለት። ከወራት በኋላ አንድ መልስ መጣ፤ በድሮ ምደባ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ አራት የታጠፈ። «ከመስመሩ ግማሽ ሜትር ራቂ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ገልብጣ አየችው። ስለ ሰማያዊው ነገር የሚናገር የለም።

በዓመት ከአራት ወሩ አንድ ጠዋት፣ ከሾፌሩ ጋር የሚሠራው ትኬት ቆራጭ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የሐኪም ወረቀት ይዞ መስኮቷ ላይ መጣ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ወረቀቱን እያነበበች።

«አልሰማሽም እንዴ? ጎማ ልንቀይር ቆመን ከኋላ የመጣ መኪና ነው። ሾፌራችን እኔን ገፈተረኝና ተረፍኩ። እሱ ግን…» አለና መሞቱን ነገራት።

መድኃኒቱን ቆጥራ ሰጠችው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ብላ ነገረችው። ከዚያ መስኮቱን ዘጋች፤ የሳል መድኃኒቱን ካርቶን ከመደርደሪያው ላይ አውርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እናቷ ማታ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «ከቦታው ዝንፍ አላለም ነበር እኮ» አሉ። «እኔ አይቻለሁ። የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።»

በሳምንቱ ፋርማሲስቷ አዲስ ሪፖርት ጽፋ ለጋሼ ደብተር ወሰደች። ሁለት ገጽ ነው፤ ሃያ ሁለቱን ሰከንድ አንድ በአንድ ጽፋዋለች። ሽማግሌው ቆመው አነበቡት።

«አሁን ይሄ ለማን ይጠቅማል፣ ልጄ?»

«ቦታው ላይ ነበር፣ ጋሼ። ቦታው ላይ እንደነበር ይጻፍ።»

«እሱ ሞቷል። አንቺ ደግሞ ገና ብዙ ትሠሪያለሽ» አሉና ወረቀቱን የመዝገብ ቁጥር ሳይሰጡት መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

በዓመቱ ከፍተኛውን ደረጃ ሰጧት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ዳኝታለች፤ በየዓመቱ ግምገማዋ ላይ ነጥብ የሚቀነስባት በአንድ መስመር ብቻ ነው፦ ኳስ ወደ ጨዋታ ከመመለሷ በፊት ባልደረባዋን አታይም።